ግልጽ ደብዳቤ፦ ልጆቻችን በእንግሊዝኛ የሚጽፏት አንዲት አንቀጽ ከምዘና አትውጣ

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለሥርዓተ ትምህርትና ለምዘና ባለሙያዎች፣
ባላችሁበት።

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

እኛ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝ ደጋ ባሉ አራት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የምናስተምር አሥራ አንድ መምህራን ነን፤ በሁላችን ስም የምጽፈው እኔ ተወካያቸው ነኝ። ለመጻፍ ያስገደደን በኅዳር ወር ለየትምህርት ቤቱ የተላከው ሰርኩላር ነው። ከእንግዲህ የእንግሊዝኛ የክፍል ፈተና ሁሉ በምርጫ ብቻ እንዲሆን፣ ፈተናውም ከጽሕፈት ቤቱ ተዘጋጅቶ እንዲመጣ፣ በተከታታይ ምዘና ውስጥ ለአንቀጽ ጽሑፍ እንሰጠው የነበረው 10 ነጥብ ወደ ምርጫው እንዲዞር ያዛል። ሁለት ጊዜ በስብሰባ ላይ ተናገርን፤ አንድ ጊዜም ቃለ ጉባኤ አያይዘን ጻፍን። መልስ አላገኘንም። ስለዚህ ወላጆችና በሌላ ወረዳ ያሉ የሙያ ባልደረቦቻችንም እንዲያውቁት በግልጽ ጽፈነዋል።

በሰርኩላሩ የተሰጠው ምክንያት ተማሪዎችን ከአገር አቀፉ ፈተና ጋር ማለማመድ ነው። ጭንቀቱ ይገባናል። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም ከተፈታኙ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር እኛም አንገታችንን ደፍተናል። ነገር ግን አገር አቀፉ ፈተና በምርጫ ስለሆነ፣ ልጁ የሚጽፍበት ቦታ የቀረው ክፍል ብቻ ነው። ክፍሉም ምርጫ ከሆነ ከ1ኛ ክፍል እስከ 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ተምሮ፣ ራሱ የጻፈውን አንድ ዓረፍተ ነገር ማንም ሳያነብለት ሊወጣ ነው። የመጀመሪያውና ትልቁ ቅሬታችን ይህ ነው።

ስለ የትኛው ልጅ እንደምንናገር እናስረዳ። በ2018 ዓ.ም 9ኛ ክፍል የገባው ልጅ በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 3ኛ ክፍል ነበር። ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይቶ መጻፍ የሚጸናበት ጊዜ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ 5ኛ ክፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው የጸጥታ ችግር ስንት የትምህርት ቀን እንደበላ እናንተም ታውቁታላችሁ። እንዲህ ሆኖ የመጣው ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል።

በዚያ ላይ ሁለቱ አጻጻፎች አይመሳሰሉም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። «ደብረ ብርሃን» ብለን ስንጽፍ «ደ» የከተማ ስም ጀመርኩ ብላ አታድግም። አራት ነጥባችን ከሩቅ ይታያል፤ የእንግሊዝኛዋ ነጥብ ግን እርሳስ የነካት ያህል ናትና ልጁ ብትኖርም ባትኖርም ለውጥ ያላት አይመስለውም። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ የሚያኖሩ የ6ኛ ክፍል ልጆች አሉን። ቢያንስ ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ አውቀዋልና እኛ ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ነው የምናየው።

ባለፈው ዓመት አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ፈረንጅ ስለ ራሱ ሲጽፍ ለምን ፊደሉን ትልቅ ያደርገዋል? ራስን ከፍ ማድረግ ነውር አይደለም?» ብሎ ጠየቀኝ። በእንግሊዝኛ «እኔ» ማለት የሆነችው «አይ» የምትለዋ ቃል አንዲት ፊደል ብቻ ስለሆነች፣ በትንሹ ስትጻፍ በጽሑፉ መካከል እንዳትጠፋ ከፍ ተደርጋ መጻፏ ልማድ ሆኖ መቅረቱን፣ ትዕቢት አለመሆኑን ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ ያቺን ፊደል አልሳታትም። በዚያው ክፍል ያለች ልጅ ደግሞ ለርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፉ ስንላቸው፣ «ዩ» የሚለውን ቃል በመጣበት ሁሉ፣ ዓረፍተ ነገር መካከልም ቢሆን፣ በትልቅ ፊደል ጀመረችው። ስትጠየቅ «ትልቅ ሰው ናቸው» አለች። «አንቱ» ማለቷ ነበር። ስህተት ነው፤ ከስንፍና የመጣ ግን አይደለም፤ በአንድ ደቂቃ ንግግርም ተስተካከለ። ይህን ያወቅነው የጻፈችውን ስላነበብን ነው። በ«ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ» ላይ ያከበበችው ክብ ይህን አይነግረንም።

የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ ልጆችም አሉን። በብራና ላይ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ አይተዋል። እንግሊዝኛም ስምን ይለያል፣ የሚለየው ግን በቀለም ሳይሆን በፊደል መጠን ነው ስንላቸው ቶሎ ይይዙታል። ልዩነቱን አብረን እናስረዳለን፤ የእንግሊዝኛው ትልቅ ፊደል የክብር አይደለም፤ የሌባም ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ሰኞና ማክሰኞም፣ የወራት ስምም፣ የቋንቋና የሕዝብ ስምም እንዲሁ። የግእዝ ንባብ የተማረ ልጅ ተነሽና ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የአነባበብ ዓይነቶች ያውቃልና ድምፅ የሚነሣበትና የሚጣልበት ቦታ ትርጉም እንዳለው አዲስ አይሆንበትም። ጽሑፉን ጮክ ብሎ ሲያነብ ነጥብ የጎደለበትን በጆሮው ያገኘዋል። እንዲህ ያለ ዘዴ ከየትም መመሪያ አላገኘነውም፤ ደብተር ስናርም ነው የተማርነው።

ከነጥብና ከፊደል ይልቅ የሚከብደው ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ገና በዓል የጻፈው እጄ ላይ አለ። ስምንት መስመር ነው፤ ነጥብ የለውም። «ማይ ፋዘር ጎ ቱ ማርኬት ኤንድ ባይ ሺፕ ኤንድ ካም ሆም ኤንድ ማይ ብራዘር...» እያለ እስከ መጨረሻው «ኤንድ» ይከተላል። ልጁ ሰነፍ አይደለም። በልቡ ያለው «አባቴ ገበያ ሄዶ፣ በግ ገዝቶ፣ ቤት መጥቶ፣ ወንድሜም ቢላዋውን ስሎ...» የሚለው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነው። አማርኛችን «ሄዶ፣ ገዝቶ፣ መጥቶ» እያለ ነገርን እንደ ዶቃ ይሰካል፤ የመጨረሻው ግስ እስኪመጣ ሰሚው በትዕግሥት ይጠብቃል፤ አምሮም ይወጣል። እንግሊዝኛ ይህን አይችልም። ልጁን አስቀምጬ «እያንዳንዱን ሥራ ማን ሠራው? መቼ አለቀ?» እያልኩ ጠየቅሁት። ስምንቱ መስመር ስድስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። ሥራው ያለፈ ስለሆነ «ጎ» የሚለው «ዌንት»፣ «ባይ» የሚለው «ቦት» መሆን እንዳለበት ያየውም ዓረፍተ ነገሮቹ ከተለያዩ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ግሱ ከ«ኤንድ» ብዛት አይታየውም ነበር። የፈጀብን ሃያ ደቂቃ ነው። በሳምንቱ ስለ ጥምቀት ሲጽፍ ሰባት ነጥብ አኖረ፤ አምስቱ ትክክለኛ ቦታቸው ላይ ነበሩ።

ሌላም አለ። በአማርኛ «መጣ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማን እንደመጣ ግሱ ይዞታል። በእንግሊዝኛ ከትእዛዝ በቀር ባለቤቱ ካልተጻፈ ዓረፍተ ነገሩ አይቆምም። ገላጩም ቦታ ይቀያየራል፤ እኛ «ትናንት ገበያ ያየነው ሰው» ስንል ሰውየው መጨረሻ ይመጣል፤ እንግሊዝኛ ሰውየውን ያስቀድምና የታየበትን ያስከትላል። ይህን ያልተነገረው ልጅ «የስተርደይ ማርኬት ዊ ሶው ማን» ብሎ ይጽፋል፤ አንባቢው ማን ማንን እንዳየ አያውቅም።

ይህ ክፍል ውስጥ የሚቀር ጉዳት አይደለም። ከእኛ ትምህርት ቤት ወጥታ ደብረ ብርሃን ሥራ ፍለጋ የሄደች ልጅ የማመልከቻዋን ቅጂ አምጥታ አሳየችኝ። በእንግሊዝኛ ሁለት ገጽ ነው። እንደ አማርኛ ደብዳቤያችን «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል» ብላ ጀምራለች፤ ስለ ቤተሰቧ ነግራለች፤ ሥራ እንደምትፈልግ የተጻፈው ሁለተኛው ገጽ አጋማሽ ላይ ነው። ስሟ በትንሽ ፊደል ተጀምሮ፣ የአባቷ ስም ከእርሷ ጋር ተያይዟል። የተቀበላት ሠራተኛ ወረቀቱን እንደያዘ «ምን ፈልገሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ወረቀቱ ሊናገርላት የሚገባውን በቃሏ ተናገረች፤ አልተጠራችምም። አብረን ስንጽፈው ዘጠኝ መስመር በቃው፦ ማን እንደሆነች፣ የትኛውን ሥራ እንደምትፈልግ፣ ምን እንደተማረች፣ በምን እንደምትገኝ። ይህን 10ኛ ክፍል ሳለች ልናስተምራት ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታችን ተዘጋጅቶ ስለሚላከው ፈተና ነው። በጥር ወር የመጣው ፈተና 14ኛው ጥያቄ ሥርዓተ ነጥቡ የተስተካከለውን ዓረፍተ ነገር ምረጡ የሚል ነበር። የአራቱም ምርጫዎች ቃላት አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በኮማና በነጥብ ብቻ ነው። ወረቀቱ ግን ቀለሙ በደከመ ማባዣ ስለተባዛ ነጥቦቹ ጠፍተው «ቢ» እና «ዲ» አንድ ሆነው ወጡ። ፈታኝ ሆኜ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ ስታገላብጥ አየኋት፤ ነጥቧን እየፈለገች ነበር። ልረዳት አልተፈቀደልኝም። መልሱ «ዲ» ነው ተብሎ ተላከልን፤ «ቢ» ያሉት ሁሉ ዜሮ አገኙ። በዚያው ወረቀት መመሪያ ላይ የአገራችን ስም በትንሽ ፊደል ተጀምሯል። ስህተቱን በማግሥቱ በጽሑፍ አሳውቀናል፤ ውጤቱ ግን እንዳለ ሮስተር ላይ ወጣ። ነጥብ ዋጋ አለው ብለን ያስተማርነውን ልጅ ነጥብ በሌለው ወረቀት ፈትነን ጣልነው፤ ይህ በጣም አሳዝኖናል።

ሦስተኛው የእርማት ጉዳይ ነው። ከእኛ ውስጥ አራት ሴክሽን የያዘ መምህር አለ፤ በየሴክሽኑ 65 ልጅ ቢኖር 260 ደብተር ነው። ለአንድ ደብተር ሦስት ደቂቃ ብቻ ብንሰጥ 13 ሰዓት ይሆናል። በሥራ ጫና ሰንጠረዡ ላይ የሚቆጠረው ግን ሰሌዳ ፊት የቆምንበት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ሰርኩላሩ «ምርጫው የመምህሩንም ጫና ያቃልላል» ይላል። እኛ የጠየቅነው ማረሚያ ጊዜ ነበር፤ የተሰጠን የሚታረመውን ነገር ማጥፋት ሆነ። ሁሉንም በየሳምንቱ እናርማለን አላልንም። በየሳምንቱ አንድ ሴክሽን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ፣ ለምሳሌ በዚህ ሳምንት ትልልቅ ፊደላትን፣ በሚቀጥለው የዓረፍተ ነገር መጨረሻን እያየን በፈረቃ ስናደርገው ቆይተናል። ልጁም ደብተሩ በቀይ እስክርቢቶ ተሞልቶ ሲመለስለት ተስፋ ከሚቆርጥ፣ አንዷን ነገር ይዞ ያስተካክላል።

አራተኛው እኛንም የሚነካ ስለሆነ በግልጽ እንናገረዋለን። ብዙዎቻችን፣ የሌላ ትምህርት መምህራንም ጭምር፣ ከኋላ ለተቀመጠው እንዲታይ ብለን ሰሌዳ ላይ ሁሉንም በትልልቅ ፊደላት እንጽፋለን። መጽሐፍ ለሌለው ልጅ መጽሐፉ ሰሌዳው ነው። ሁሉም ፊደል ትልቅ የሆነበትን ማስታወሻ ለዓመታት የገለበጠ ልጅ የትኛው ፊደል ለምን ትልቅ እንደሚሆን ከየት ያየዋል? በቴሌግራም ሲጻጻፍ ደግሞ አንዳንዴ ስልኩ ራሱ ፊደሉን ያሳድግለታል፤ እስክርቢቶ ሲይዝ የሚያሳድግለት የለም። ይህን ልማድ እንድናርም በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ፕሮግራማችን፣ በተለምዶ ተሙማ በምንለው፣ ለሁሉም መምህር አንድ ርእስ ይያዝ ብለን በመስከረም ጠይቀን ነበር። ዕቅዱ ተልኮ ሲመጣ ርእሱ አልነበረበትም።

ስለ መጽሐፉ ብዙ አንልም፤ በእኛ ክፍሎች አንዱን ለአራት ይጠቀሙበታል። ቅጂውን በስልክ አውርዱ ተባልን፤ ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ የሚከለክለው ደንብም እንደጸና ነው።

ክፍል የሚመለከቱት ሱፐርቫይዘሮች የትምህርት ዕቅዳችንን ያያሉ፣ ዓላማው ሰሌዳ ላይ መጻፉን ያያሉ፣ ቡድን መሠራቱን ያያሉ። የምልከታ ቅጹ ላይ የተማሪ ደብተር ከፍቶ ማየት የሚል መስመር የለም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከእኛ ከአሥራ አንዳችን በአንዱም ክፍል የተማሪ ደብተር አልተከፈተም።

የእንግሊዝኛ ክበቡ ክፍል ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ የተሰባበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ ሆኗል። እዚያ ረቡዕና ዓርብ ከትምህርት በኋላ ልጆች ጽሑፋቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አንዱ የሌላውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ነጥብ ወይም ኮማ መጉደሉን ይፈልጋሉ። አሁን ውጭ፣ ከግድግዳው ሥር እንቀመጣለን፤ የመንዝ ብርድ ከአሥር ሰዓት በኋላ እስክርቢቶ አያስይዝም፤ ልጆቹም ቀንሰዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከመጋቢት ወር ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተከታታይ ምዘና ውስጥ ለአንቀጽ ጽሑፍ የነበረው 10 ነጥብ ይመለስ። ምርጫው ይቅር አላልንም፤ ልጁ አገር አቀፉን ፈተና ይለማመድ። ከ5ኛ ክፍል በታች ላሉት አንቀጽ ሳይሆን ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ መለኪያውን አዘጋጅተናል፤ ከደብዳቤው ጋር አያይዘነዋል።

በጥር ወር የመጣው ፈተና 14ኛ ጥያቄ ይሰረዝና የልጆቹ ውጤት ይስተካከል። ከእንግዲህ የሚላክ የእንግሊዝኛ ፈተና ከመባዛቱ በፊት ሁለት የእንግሊዝኛ መምህራን እንዲያነቡት፣ ከተባዛ በኋላም አንዱ ወረቀት ነጥቡና ኮማው መታየቱ እንዲረጋገጥ ይደረግ። ለዚህ ሥራ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ያለ ክፍያ ለመመደብ ተስማምተናል።

አራት ሴክሽንና ከዚያ በላይ ለያዘ የእንግሊዝኛ መምህር በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለእርማት ተብሎ በሥራ ጫና ሰንጠረዡ ላይ ይያዝ።

በሚቀጥለው የተሙማ ዕቅድ የሰሌዳ አጻጻፍና የተማሪ ጽሑፍ አስተራረም ለሁሉም መምህር አንድ ርእስ ሆኖ ይግባ። የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በሚሰባሰቡበት በጉድኝት ማዕከሉ ሥልጠናውን ራሳችን እንሰጣለን። በክፍል ምልከታ ቅጹ ላይም «አምስት የተማሪ ደብተር ተከፍቶ ታየ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር።

የክበቡ ክፍል ከወንበሮቹ ጸድቶ ይመለስልን። ወንበሮቹን ወላጆችና ተማሪዎች ሆነን እናወጣለን፤ የምንፈልገው የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ እንዲፈቀድ ነው።

ትልቁ ፊደል የት የት እንደሚገባ፣ ዓረፍተ ነገር በየትኞቹ ሦስት ምልክቶች እንደሚዘጋ፣ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በኮማ ብቻ እንደማይያያዝ፣ ከትእዛዝ በቀር ባለቤቱ ያልተጻፈ ዓረፍተ ነገር እንደማይቆም በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ገጽ አዘጋጅተናል። ምሳሌዎቹ ከልጆቻችን ደብተር ናቸው። የምንጠይቀው ለየተማሪው አንድ አንድ የሚደርስ ወረቀትና ንጹሕ ሕትመት ነው።

መልሳችሁን እስከ የካቲት 30 በጽሑፍ እንጠብቃለን። ብትጠሩን አሥራ አንዳችንም እንመጣለን፤ ደብተሮቹንም ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በመንዝ ደጋ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን ተወካይ
የ7ኛ እና የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር
የካቲት 2018 ዓ.ም

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት